ከመደበኛው ዕድሜ በፊት ጡረታ ለመውጣት የሚያስቡ ሠራተኞች የአገልግሎት ዘመናቸውን አስቀድመው ሊያረጋግጡ ይገባል

አዲስ አበባ፦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ አካባቢ በሚገኙ ተቋማት የሚሠራ ሰው ከ60 ዓመቱ በፊት በጡረታ ለመገለል ካሰበ፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባቱ በፊት የአገልግሎት ዘመኑ በሙሉ በማስረጃ መያዙን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ቢያንስ 25 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ ሥራውን የለቀቀ ሠራተኛ አበሉን ማግኘት የሚጀምረው ከመደበኛው የጡረታ ዕድሜ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከ55 ዓመቱ ጀምሮ ነው። በ50 ዓመቱ የለቀቀ ሰው እስከ 55 መጠበቁ ግድ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የቂሊንጦ ሁኔታ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። በዚያ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሄኒከን ቢራ ፋብሪካም በስፍራው ሥራ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ራሳቸው 25 ዓመት አልሞላቸውም። በመሆኑም በእነዚህ ተቋማት ተቀጥሮ 25 ዓመት አገልግሎት አለኝ የሚል ሠራተኛ፣ ከፊሉን ዘመን ከሌላ መሥሪያ ቤት ይዞ የመጣ መሆኑ የግድ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ በአዋጅ ቁጥር 715 የተጀመረውም በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የፕሮቪደንት ፈንዱን ወደ ጡረታ ያዛወረ ወይም ቀደም ሲል በመንግሥት ያገለገለ ካልሆነ በቀር በግል ድርጅት ብቻ 25 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ገና የለም።

የጎደለ አገልግሎት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በስሌት ማየት ይቻላል። አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ለሲቪል ሠራተኛ 1 ነጥብ 25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዟ 12 ሺህ ብር የሆነ፣ ለ26 ዓመታት ያገለገለች ሠራተኛ አለች እንበል። ድርሻዋ 50 በመቶ ስለሚሆን ከ55 ዓመቷ ጀምሮ በወር 6 ሺህ ብር ታገኛለች። ይሁን እንጂ ቀድሞ በሠራችበት መሥሪያ ቤት ያሳለፈቻቸው አራት ዓመታት ማስረጃ ካልተገኘላቸው አገልግሎቷ ወደ 22 ዓመት ይወርዳል፤ እስከ 60 ዓመቷም ያለ አበል ትቆያለች። በእነዚህ 60 ወራት የምታጣው 360 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በኋላም የምታገኘው 45 በመቶ፣ ማለትም 5 ሺህ 400 ብር ብቻ ይሆናል።

ጉድለቱ ከበርካታ ምክንያቶች ይመነጫል። አንዱ ጊዜያዊ ቅጥር ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 የመንግሥት ሠራተኛ የሚለው በቋሚነት የተቀጠረውን ስለነበር፣ ሠራተኛው በአእምሮው የሚቆጥረው የመጀመሪያ ቀን ከቋሚ ቅጥሩ ቀን ጋር ላይገጥም ይችላል። ደመወዝ ያልተከፈለበት ፈቃድም እንዲሁ ልዩነት ይፈጥራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመሥሪያ ቤቶች መታጠፍና መዋሐድ ነው። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት በ2008፣ በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች እንደገና ተደራጅተዋል። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ስሙ ሲጠፋ መብትና ግዴታው ወደ ተተኪው ስለሚተላለፍ፣ የግል ማኅደሩ መጠየቅ ያለበት ከተተኪው ነው። ማኅደሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አብሮ የጠፋ የሚመስላቸው ሠራተኞች ፍለጋውን ከመነሻው ይተዉታል፤ ይህ ስሕተት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የአሁኑ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የያዘውን የሕይወት ታሪክ ቅጽ ከቅጥር፣ ከዝውውርና ከስንብት ደብዳቤዎች ጋር በቀን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ክፍተት ከታየ፣ ደመወዝ የተከፈለበትና የጡረታ መዋጮ የተቀነሰበት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠየቃል። መዋጮ ሳይቀነስ ቀርቶ ከሆነ፣ ካልቀነሰው መዋጮ ተጠያቂ የሚሆነው መሥሪያ ቤቱ ነው። አሁን የሠራተኛው ድርሻ 7 በመቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው። በግል ድርጅትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በየጡረታ አዋጆቹ የተሰጡ አገልግሎቶችም ተደምረው ስለሚታሰቡ፣ የግሉ ማስረጃ ሊቀር አይገባም። ዕድሜን በሚመለከት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጠሩ የተመዘገበው የልደት ዘመን የጸና በመሆኑ፣ ኋላ በወጣ የልደት ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ 55 ዓመት ሞላኝ ማለት አያስኬድም።

የሰው ኃይል ኃላፊዎችም ማኅደሩን የሚያጣሩት ሠራተኛው ሊሰናበት ሲል ከሆነ ጊዜው አልፏል። ከለቀቀ በኋላ ጉድለቱ ቢገኝ ደመወዙ ቆሟል፣ አበሉም አልጀመረም።

ማስረጃው ተሟልቶ ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ከቀረበ በኋላ በተሰጠው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለመብት፣ አቤቱታውን በሕጉ የጊዜ ገደብ ውስጥ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ማቅረብ ይችላል።