ጣና ዳር ቪላ ለምትከራዩ

ከውጭ አገር የመጡ ልጆች አያትና የልጅ ልጆችን ሰብስበው ባሕር ዳር ሙሉ ቪላ ሲከራዩ ደስ ይላል፤ አዛውንት ሆቴል ክፍል ውስጥ ከሚታፈኑ ግቢ ያለው ቤት ይሻላቸዋል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ አጎበሩ ነው።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ወባ ወዳለበት አገር ያወርደናል። የደጋ ልጅ ሰውነቱ ወባን አልለመደምና ሲይዘው ይጠናበታል። ስለዚህ ለየአልጋው አጎበር፣ ለመስኮቱም ወንፊት መኖሩን ቀብድ ሳትከፍሉ አረጋግጡ። ከሌለ አጎበር ከቤታችሁ ያዙ። ማታ በረንዳ ላይ ቡና የምትጠጡ ከሆነ ልጆቹን እጅጌ ረጅም ልብስ አልብሱ።

ሐይቁ ዳር መንቦራጨቅም ቢልሃርዚያ ሊያስይዝ ይችላል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ውሃው ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ። ለልጆቹ ጀልባው ይበቃቸዋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ነው። የወባ ትኩሳት የሚጀምረው ከንክሻው ሳምንት አልፎ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ገብተን «ብርድ መትቶት ነው» እንላለን። ልጁ ካተኮሰው ለጤና ባለሙያው «ባሕር ዳር ሰንብተን ነበር» በሉ፤ የደም ምርመራውም በዚያው ቀን ይደረግለት።