የጽዋ ማኅበርና የእድር ደንብ፦ ከአባል የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ብቸና እና ሞጣ፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በብቸና፣ በሞጣና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ከጎረቤቱ ጋር ከሚተሳሰርባቸው መንገዶች መካከል የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴና እድር ይገኙበታል። ሦስቱም በአባላት ፈቃድ የቆሙ ናቸው፤ ሦስቱም ግን ደንብ አላቸው። ደንቡን ያከበረ አባል በደስታውም በኀዘኑም ብቻውን አይቆምም። ደንቡን ያቃለለ ደግሞ ሰው በሚያስፈልገው ቀን ሰው ሊያጣ ይችላል።

የጽዋው ሥርዓት

የጽዋ ማኅበር አባላቱ በመረጡት ቅዱስ ወይም በዓል ስም በወር አንድ ቀን ይሰበሰባል። የሚካኤል ማኅበር በ12፣ የማርያም በ21፣ የጊዮርጊስ በ23፣ የመድኃኔ ዓለም በ27 ይውላል። አባላት በየተራ በቤታቸው ይደግሳሉ። ሰንበቴ በአንጻሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚካሄድ ሲሆን፣ ተረኛው ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ይቀርባል።

ከአባል በቅድሚያ የሚጠበቀው ሰዓት አክብሮ መገኘት ነው። ካህኑ ጸሎት አድርሶ የቀረበውን ሳይባርክ ማንም አይቀምስም። ታላላቆች ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጣሉ፤ ወጣቶች ቆመው ያስተናግዳሉ። በደጅ የመጣ ችግረኛ ሳይቀምስ አይመለስም፤ ዝክሩ የሚዘከረው ለእርሱም ጭምር ነውና።

ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ሲተላለፍ ተረካቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ በአክብሮት ይቀበላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእርሱ ዕዳ ነው። ሕመም ወይም ኀዘን የገጠመው ተረኛ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለማኅበሩ አስታውቆ ተራውን ከሌላ አባል ጋር ይለዋወጣል። ሳያስታውቁ መቅረት ግን ከቅጣቱ በላይ ነውሩ ይከብዳል።

ከሁሉም የጠነከረው ደንብ እርቅን የሚመለከተው ነው። የተኳረፉ አባላት ጠባቸውን በልባቸው ይዘው ከአንድ ጽዋ ሊጠጡ አይገባም። በብዙ ቦታ «ሙሴ» እየተባለ የሚጠራው የማኅበሩ መሪ ከካህኑና ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ሁለቱን ወገኖች ያነጋግራል፤ በዳዩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሳ የሚያሻው ጉዳይ ከሆነም ይተመናል። የማሳ ድንበር በተገፋ ወይም ከብት ሰብል በበላ ጊዜ የሚነሣ ጠብ በአጭሩ ካልተገታ ወደ ደም ሊያመራ ይችላል። በየወሩ ፊት ለፊት መገናኘት ግድ የሆነባቸው ሰዎች ቂም ለማሳደር ጊዜ አያገኙም። የማኅበሩ ጥቅም ከመብላትና ከመጠጣት የሚያልፈውም በዚህ ነው።

የእድር ግዴታ

እድር ከጽዋ ማኅበር የሚለየው ሃይማኖትን ሳይሆን ጉርብትናን መሠረት ማድረጉ ነው። ታሪኩን ያጠኑ ምሁራን እድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ መታየት እንደጀመረና ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስፋት እንደተዛመተ ይገልጻሉ። በአብዛኛው ዳኛ ወይም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የዕቃ ኃላፊ ይኖሩታል።

የሞት መርዶ በጡሩንባ ሲነገር አባል ሥራውን አቋርጦ ይወጣል። ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ አስከሬን ይሸከማሉ፤ ሴቶች እንጀራ ጋግረው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ ውኃ ቀድተው ኀዘንተኛውን ያግዛሉ። በልቅሶ ቤት ሳቅና የገበያ ወሬ አይፈቀድም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው እንደ ሞጣ ባሉ ከተሞች ጎረቤት የጎረቤቱን የእርድ ሥርዓት አውቆ ምግቡን ለየብቻ ማዘጋጀት የመከባበር ምልክት ነው።

ይህ ግዴታ ለአርሶ አደሩ ቀላል አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደረሰ ጤፍ አጨዳው ሲዘገይ ፍሬው ይረግፋል። በዚህ ወቅት ለቀብርና ለማስተዛዘን የሚውሉ ቀናት ከምርቱ ላይ የሚቀነሱ ናቸው። ስለዚህ በመኸር ወቅት ከቀብር በኋላ ያለውን ማስተዛዘን አባላት በተራ እንዲያደርጉት በደንብ መወሰን ይጠቅማል። የኀዘንተኛው ማሳም መዘንጋት የለበትም። ወንፈል ብድሩ በጉልበት የሚመለስ ሥራ ነው፤ ለኀዘንተኛ የሚታጨደው ጤፍ ግን ብድር የማይጠየቅበት እርዳታ ነው።

ዕዳና ቅጣት

የእድር ቅጣት በአብዛኛው የሚጣለው ከቀብር በቀረ፣ መዋጮ ባሳለፈ፣ የጋራ ዕቃ ባጠፋ ወይም በስብሰባ ላይ ሰው በተሳደበ አባል ላይ ነው። ተደጋጋሚ ጥፋት እስከ መሰረዝ ያደርሳል። የታመመ፣ አራስ የሆነችና አስታውቆ መንገድ የሄደ አባል ይቅርታ ይደረግለታል። አዲስ አባል መግቢያ የሚከፍለውም ቀደምት አባላት ባፈሩት ድንኳን፣ ድስትና ወንበር እኩል ስለሚገለገል ነው።

በተለይ መጠንቀቅ ያለባቸው ከገጠር ወደ ከተማ የሚዛወሩ ቤተሰቦች ናቸው። የቀድሞ እድራቸውን መዋጮ አቋርጠው በአዲሱ ሳይመዘገቡ የቆዩ ሰዎች ሞት ሲደርስባቸው ከሁለቱም ወጥተው ይገኛሉ። ስለዚህ በአዲሱ እድር መመዝገብና አገልግሎቱ ከመቼ እንደሚጀምር መጠየቅ የቀድሞውን ከማቋረጥ መቅደም አለበት።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበርን ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ውጭ ለሆነ ዓላማ የሚቋቋም የሰዎች ስብስብ አድርጎ ይተረጉመዋል። የእድር ገንዘብም መንፈሱ ይኸው ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የጋራ ሀብት እንጂ ለጥቂት ሰዎች የሚበደር ካዝና አይደለም። ለዚህም ደንቡ በጽሑፍ ሰፍሮ አባላት ሊፈርሙበት፣ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ሊሰጥ፣ ሒሳቡም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጉባኤ ሊነበብ ይገባል። ተከሳሽ አባልም ቃሉ ሳይሰማ ሊቀጣ አይገባም።

የድግስ መጠንም በደንብ ቢወሰን መልካም ነው። አንዱ ተረኛ በሬ ቢጥል ቀጣዩ ተበድሮም ቢሆን ላለማነስ ይጥራል፤ አቅም ያነሰው ደግሞ አፍሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ዳቦ፣ ጠላና ቆሎ ይበቃል ተብሎ በአንድ ድምፅ ሲወሰን ድኻውም ሀብታሙም በአንድ ጽዋ ዙሪያ ተቀምጠው ይኖራሉ።