ጎርፍ የሚነሳበት ተዳፋት፣ ጎርፍ የሚደርስበት ሜዳ

ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዷ የሆነችው ድሬ ጠያራ፣ በኦሮምኛ «ድሬ» ሜዳ፣ «ጠያራ» ደግሞ አውሮፕላን በመሆኑ፣ ስሟ የአውሮፕላን ሜዳ እንደ ማለት ነው። ከባሕር የራቀች በመሆኗ የጠረፍ ጎርፍ የማይመለከታት ትመስላለች፤ ነገር ግን በሐረር ዙሪያ ተዳፋቶች የሚዘንበው ዝናብ በአብዛኛው በኤረር ሸለቆ ወርዶ ከዋቢ ሸበሌ ጋር ይቀላቀላል፤ ዋቢ ሸበሌም ጎዴን አልፎ ሶማሊያ ከገባ በኋላ ሞቃዲሾ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፍና ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ጎን ለጎን ይፈሳል። በግንቦት 2015 በኢትዮጵያ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ ይህን ወንዝ ሞልቶ የሶማሊያዋን የበለደወይን ከተማ ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በቆላና በጠረፍ ለሚኖር ሕዝብ የሚወጣ የጎርፍ ዕቅድ ደጋውን ካላካተተ ጎርፉን ከመንገዱ አጋማሽ ላይ እንደ መጠበቅ ይቆጠራል።

በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ሁለት የሙያ ዘርፎች አሉ። የመጀመሪያው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ሲሆን፣ «ስጋት» የሚለው ቃል እዚህ ፍርሃትን ሳይሆን የሦስት ነገሮችን መገናኘት ያመለክታል፤ እነርሱም እንደ ጎርፍ ያለ ክስተት፣ ክስተቱ በሚደርስበት ቦታ የተገኙ ሰዎችና ንብረት፣ እንዲሁም ተጋላጭነት፣ ማለትም የደረሰውን ለመቋቋም አቅም ማጣት ናቸው። ሁለተኛው የአየር ንብረት ለውጥን መላመድ የሚባለው ነው፤ ይህም እርሻን፣ የውሃ አጠቃቀምን፣ መንገድንና ቤትን ከሚለወጠው የሙቀትና የዝናብ ሁኔታ ጋር እንዲስማሙ አድርጎ ማስተካከል ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በዋናነት የሚያዩበት ዘመን ነው፤ የአደጋው ባለሙያ ያለፉትን ጎርፎች መዝገብ ይዞ ለመጪው ክረምት ሲዘጋጅ፣ የአየር ንብረቱ ባለሙያ ደግሞ ከ30 እና ከ50 ዓመት በኋላ የሚሆነውን ያሰላል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የድሬዳዋ ታሪክ ያሳያል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ግን በደጋው የጣለው ዝናብ ሌሊቱን በዚያ አሸዋ ላይ ወርዶ የተኛውን ሕዝብ ደረሰበትና ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም መጠለያ አጡ። እንዲህ ያለው ጎርፍ «ደራሽ ጎርፍ» ይባላል፤ ስሙ እንደሚናገረው፣ ዝናቡ ከዘነበበት ስፍራ ርቆ፣ ምናልባትም ጠብታ ባልወደቀበት መንደር፣ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ከአደጋው በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠሩ፤ ይሁን እንጂ ዝናቡ የሚነሳበት ደጋ በአብዛኛው ከከተማዋ አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ በመሆኑ፣ ግንቡን የሚሠራው አካልና ውሃውን በደጋው ተዳፋት ላይ የሚይዘውን እርከን የሚሠራው አካል አንድ ሊሆኑ አልቻሉም። በሚያዝያ 2012 ጎርፍ በከተማዋ እንደገና የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ግንብ ሲሠራ መሐንዲሱ «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚባል መለኪያ ይጠቀማል። ብዙ ሰው ይህን በ100 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ጎርፍ አድርጎ ይረዳዋል፤ ትርጉሙ ግን በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው፤ ስለዚህ በግንቡ ጥላ ሥር 30 ዓመት የሚኖር ቤተሰብ ያን ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ደግሞ ያለፈው ዘመን ዝናብ ወደፊትም እንደነበረ ይቀጥላል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በትናንቱ መዝገብ የተለካው ግንብ ለነገው ዶፍ ሊያንስ ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ ግንቡን አምኖ ወደ ወንዙ ዳር ተጠግቶ የሚሠፍረው ሕዝብ መብዛቱ ነው፤ ባለሙያዎች ጉዳትን ለመቀነስ ታስቦ ስጋትን የሚያበዛ ሥራን የተሳሳተ መላመድ ይሉታል።

በኢትዮጵያ የሁለቱ ዘርፎች ሰነዶች በተለያየ መንገድ መጥተዋል። የአደጋው ዘርፍ ከ1966ቱ ድርቅ ዘመን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተነስቶ፣ በ2005 ከእርዳታ ይልቅ ስጋትን አስቀድሞ መቀነስን ያስቀደመ ፖሊሲና ስትራቴጂ ላይ ደረሰ፤ የአየር ንብረቱ ዘርፍ ደግሞ በ2004 ይፋ በሆነው የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂና ኋላ በወጣው ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ ይመራል። በዓለም ደረጃም ስለ አደጋ ስጋት ቅነሳ የወጣው የሰንዳይ ማዕቀፍ በመጋቢት 2007፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተደረሰው የፓሪስ ስምምነት በታኅሣሥ 2008 የጸደቁት የተለያየ የሪፖርት ሥርዓት ይዘው ነው። በወረዳ ደረጃ ግን የሚጠበቀው ቁልቁለት ያው አንዱ ቁልቁለት፣ የሚቆፍረውም ያው ገበሬ ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረው ይህ ሐይቅ፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር በሚሳብ ውሃ፣ ከተራቆተው ተዳፋት በሚታጠብ ደለልና በትነት ተዳክሞ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ ከተማዋም ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከድሬ ጃራ፣ በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ የከርሰ ምድር ውሃ እስክታገኝ ብዙ ተቸገረች። በቅርብ ዓመታት ውሃ ወደ ሐይቁ ተመልሷል። አፈሩ የተራቆተ ተዳፋት ዝናቡን ወደ ውስጥ ስለማያሰርግ በክረምት ለቆላው ጎርፍ ይልካል፣ በበጋ ደግሞ ለራሱ ነዋሪ ጥም ያስቀራል፤ ጎርፉን የአደጋ፣ ጥሙን የአየር ንብረት ጉዳይ ብሎ በሁለት መዝገብ መክፈል ከተፈጥሮው ጋር አይሄድም።

ስለሆነም እንደ ድሬ ጠያራ ባለ የማሽላና የጫት አገር ሁለቱን ማገናኘት ማለት ሌላ ኮሚቴ ማቋቋም አይደለም። ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦች ለሥራቸው ድጋፍ በሚያገኙበት የሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ የሚገነባው እርከንና በቦረቦር ውስጥ የሚደረደረው የድንጋይ ክትር፣ የት ቢሠራ የትኛውን የታች መንደር እንደሚጠብቅ ተለክቶ፣ መጠኑም ሊመጣ ለሚችለው ዝናብ ታስቦ ይሠራ፤ በላይኛው ተዳፋት የተለካው ዝናብ የወረዳና የክልል ወሰን ሳያግደው በሌሊትም ቢሆን ለታችኛው ሰው በስልክ ይነገር፤ በደለል የሞላው ክትርም፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ክርክር ሳይነሳበት፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ይጠረግ።