ስለ ኤሌክትሪክ መሰኪያ



ከውጭ አገር የሚመጣ የቤት ዕቃ እየበዛ ስለ ሄደ፣ ስለ መሰኪያው ጥቂት ቃል እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። የአሜሪካ መሥመር 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። አዳፕተር የጫፉን ቅርጽ እንጂ ኃይሉን አይለውጥምና፣ ለ120 ብቻ የተሠራ ዕቃ ለመቃጠል ቅርብ ነው፤ «100-240» የተጻፈበት ግን አያሰጋም።

የእንግሊዝ መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው ደንብ መሠረት ሦስት እግርና በውስጡ ፊውዝ አለው። ረጅሙ እግር የመሬት ሽቦ መገናኛ ነው። ይህን ቆርጦ በሁለት ቀዳዳ ሶኬት የሚሰካ ሰው፣ ዕቃው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በገዛ አካሉ እንዲያልፍ መንገድ መክፈቱ ነው።

ስለዚህ ከመሰካታችን በፊት በዕቃው ጀርባ ያለውን ቁጥር እናንብብ፤ የመሬቱንም ሽቦ ባለሙያ ይዘርጋልን። የጥቂት ብር ቁጠባ የልጅ ሕይወት እንዳያስከፍለን።

አንድ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ