የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ለምን ይዋሻል?

አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ጠገራ ብር ማየቱ አይቀርም። ባንድ ፊቱ የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ፣ በሌላው ንስርና 1780 የሚል የአውሮፓውያን ዓመት አለበት። ነጋዴው «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው፤ ይኸው ቁጥሩን እዩት» ይላል። ቁጥሩስ አለ። ዳሩ ግን ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላ ቪየናና ሌሎች ከተሞች ዓመቱን ሳይለውጡ ብሩን ሲመቱ ኖረዋል፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ገበያ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ነበር። ኢጣልያ እንኳ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ለጦርነቱ ወጪ ሮማ ላይ አስመትታዋለች። እንግዲህ ያ «ጥንታዊ» ብር የአያቶቻችን እኩያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ የነጋዴው የጠባይ ጉድለት ብቻ ነው ወይ? አይመስለንም። ለሙሽራ ጌጥ የሚሠራውን የሰፈር አንጥረኛ እንመልከት። ጠገራውን አቅልጦ የአንገት መስቀል ሲሠራ መዳብ ቢያበዛበት ሚስጥሩ ብዙ አይቆይም፤ የሙሽራዋ ዘመዶች ጎረቤቶቹ ናቸው፣ የከርሞ ሠርግም አለ። ከውጭ አገር የመጣው ጎብኚ ግን ነገ አይሮፕላን ይሳፈራል፤ ተመልሶም አይወቅስ። ጎብኚው ደግሞ የሚበዛው በገናና በጥምቀት ሰሞን ሲሆን የሱቁ ኪራይ ግን ክረምትም ይከፈላል። በነሐሴ ብቅ ያለ አንድ ገዢ ሲገኝ እውነት መናገር ውድ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው ውሸት ግን ወደ ገጠር የሚነገረው ነው። በገጠር መስቀልም ሆነ አምባር የሚሸጠው በሚዛን፣ በብርነቱ ነው፤ ከተማ ሲገባ በዕድሜው ይሸጣል። ትርፉ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ያው ነጋዴ ለባላገሩ «ያረጀ ብር ነው፣ ምን ይረባል» ብሎ ለፈረንጁ «የነገሥታት ዘመን ነው» ይላል። እንደ 1977ቱ ባለ የድርቅ ዓመት ደግሞ እህል ሲወደድ ጌጥ ይረክሳል፤ የተራበ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ሕጉም ሳያስበው ሌላ ቋንቋ ጨምሯል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲሁ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለሆነም ዕቃው ሱቅ ውስጥ ጥንታዊ፣ አይሮፕላን ጣቢያ ሲደርስ ትናንት የተሠራ ይሆናል። ገዢው ራሱ የውሸቱ ሸሪክ ሆነ ማለት አይደል?

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ተሰርቆ ቤልጂግ ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ በ2001ም ተመለሰ። ዝነኛ መስቀል በመሆኑ ማንነቱን መሸሸግ አስቸጋሪ ነበር። ከመዝገብ ያልሰፈረ የአንድ ገጠር ደብር መስቀል ግን ቸርችል ጎዳና ሲደርስ «ይህ የእኛ ነው» የሚልበት ማስረጃ የለውም። ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የተቀረጸበትን ስምና የተሰበረ ጫፉን ደብተር ላይ አስፍሮ ፎቶግራፍ ማንሣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ደብሩ ፈቅዶ ከጠየቀ ለሰፈሩ አስተማሪ አይከብድም።