ርካሽ ስለሚባለው የሩቅ አገር ስልክ

ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፤ የአንድን ነገር ዋጋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በማስታወቂያ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን፤ በግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም መመርመር ይገባዋል። በአሜሪካ አገር በሩቅ ስልክ ንግድ የሆነው ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳናል።

በዚያ አገር የሩቅ ስልክ ሥራ ለብዙ ዘመን ኤ ቲ ኤንድ ቲ በሚባለው ኩባንያ እጅ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ግን ኩባንያው የየአውራጃውን ስልክ ከሚያካሂዱት ቅርንጫፎቹ ስለ ተለየ፤ ለተወዳዳሪዎች በሩ ሰፋላቸው። ከዚያ ወዲህ ባለስልኩ የቀድሞ ኩባንያውን ሳይለቅ፤ የሌላውን ኩባንያ መለያ ቍጥር አስቀድሞ በመምታት አንዱን ጥሪ ብቻ በዚያ በኩል ማሳለፍ ቻለ። መለያው በ1998 ዓ.ም. ሰባት አኀዝ ሆነ፤ ሒሳቡም ከአውራጃው ስልክ ሒሳብ ጋራ ተጽፎ ይመጣ ነበር።

ከነዚህም አንዱ 10-10-220 የተባለው ቍጥር፤ እስከ 20 ደቂቃ በ99 ሳንቲም አነጋግራለሁ ይል ነበር። ሃያ ደቂቃ ለተነጋገረ ሰው አንዱ ደቂቃ አምስት ሳንቲም ያህል ይሆንለታል፤ በሁለት ደቂቃ ለጨረሰው ግን ሃምሳ ሳንቲም ያህል ይሆንበታል። ተጠሪው ከቤት ባይኖርና ድምፅ ተቀባዩ መሣሪያ ቢመልስ እንኳ 99 ሳንቲሙ ይከፈላል። የቍጥሩም ባለቤት እንግዳ ነጋዴ ሳይሆን፤ ስሙን በማስታወቂያው ሳይገልጽ የሚሠራው ታላቁ ኤም ሲ አይ ነበረ።

ብዙ ሰው ያላወቀው ጠቃሚ ነገርም ነበረ። አንዳንድ ኩባንያዎች ባለስልኩን ሳያስፈቅዱ ወደ ራሳቸው ያዛውሩት ነበርና፤ 1-700-555-4141 ብሎ የደወለ ሰው የሩቅ ስልኩ በማን እጅ እንዳለ ያለ ዋጋ ይነገረው ነበር።

ቀጥሎም አስቀድሞ የሚከፈልበት የስልክ ካርድ መጣ። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ወደ ዘመዶቻቸው የሚደውሉት በዚሁ ካርድ ነበረ። ነገር ግን አንዳንዱ ካርድ የመገናኛና የጥበቃ ሒሳብ እየተባለ ስለሚቀነስበት፤ በላዩ የተጻፈውን ደቂቃ አያደርስም። ስለዚህ የአገሩ ሁለት ኮሚሽኖች በ2000 ዓ.ም. ማናቸውም የሩቅ ስልክ ማስታወቂያ የዋጋውን ሁኔታ በግልጽ እንዲናገር አስታወቁ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የንግዱ ኮሚሽን ካርድ ሻጮችን በፍርድ ቤት ከሰሰ።

ዛሬ የእጅ ስልክና ኢንተርኔት ያን ንግድ አሳንሰውታል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። በአገራችንም የመገናኛ ባለሥልጣን በ2019 ዓ.ም. ተቋቁሞ፤ በ2022 ዓ.ም. ሁለተኛው ኩባንያ ሥራ ጀምሯል። ውድድር ዋጋን ያረክሳል፤ ሆኖም ሁኔታው ካልተገለጸ ትርፉ ለማያነበው ድኻ አይደርስም። የልጇን ድምፅ ለመስማት ሳንቲም የምትቈጥብ እናት ደቃቁን ፊደል ልታነብ አትችልም፤ ስለዚህ ሹም በሥልጣኑ ያስገልጽላት፤ ፊደል ያወቀም ሁሉ ያንብብላት።