ቅንድብ ቶሎ ይነቀላል፣ ቀስ ብሎ ይበቅላል

ነገ ምረቃ ነው። ወይ የጓደኛ ሰርግ፣ ወይ ዓመት በዓል። ፀጉር ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፣ ወረፋው አያልቅም፣ ዋጋውም እንደ ሰሞኑ ነው። "ቆይ፣ ራሴ ብሠራው ምን ችግር አለው?" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው። ስልክ ይከፈታል። ቲክቶክ ላይ አንዷ ማር የመሰለ ነገር ትቀባለች፣ ጨርቅ ትለጥፋለች፣ ላጥ ታደርገዋለች። አለቀ! በ30 ሰከንድ ውስጥ ልክ በእርሳስ የተሣለ የመሰለ ቅንድብ።

ነገሩ ውሸት አይደለም። ቅንድብን ቤት ውስጥ በዋክስ ማስተካከል ይቻላል፤ ዕቃውም ከማድ ቤት አያልፍም። ቪዲዮው የማያሳያችሁ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ልጅቷ ከዚያ በፊት ፊቷን ምን ስትቀባ እንደከረመች ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጊዜ አብዝቶ የተነቀለ ቅንድብ እስኪመለስ ስንት ወር እንደሚፈጅ ነው።

ቅንድብ እንደ ራስ ፀጉር አይደለም

የራስ ፀጉር አንዱ ዘለላ ሳያቋርጥ ለዓመታት ያድጋል። ለዚህ ነው ወገብ ድረስ የሚደርሰው። የቅንድብ ፀጉር የሚያድገው ግን ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ቆሞ ያርፋል፣ ይረግፋል፣ በቦታው ሌላ ይተካል። አጭር ሆኖ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ዕረፍቱ ረጅም ስለሆነ የተነቀለ ቅንድብ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ከ2 እስከ 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

እዚያው ቦታ ላይ ለዓመታት ደጋግሞ ሲነቀል ደግሞ የፀጉሩ ሥር እየተጎዳ ሄዶ ጭራሽ ማብቀል ሊያቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቀጭን ቅንድብ ፋሽን ነበር። ያኔ እንደ ክር ያቀጠኑ ብዙ ሴቶች፣ ፋሽኑ ተቀይሮ ወፍራም ቅንድብ ሲመጣ የራሳቸው ሊመለስላቸው አልቻለም። በእርሳስ መሙላት ዕጣቸው ሆነ። ፋሽን በአሥር ዓመት ይዞራል፤ የፀጉር ሥር ግን ፋሽን አያውቅም።

"ቅንድብ ምን ያህል ቢሆን ነው?" ለምትሉ፣ ቅንድብ ላብና ዝናብ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። ማኩረፋችንን፣ መደንገጣችንን፣ መሳቃችንን ለሰው የሚነግረውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ የሚገርም ነገር አሳይቷል። የታዋቂ ሰዎች ፎቶ ላይ ዓይናቸው ሲጠፋ ከሚለያቸው ሰው ይልቅ፣ ቅንድባቸው ሲጠፋ የሚለያቸው ሰው አነሰ። ፊታችሁን ፊታችሁ የሚያደርገው አንዱ ነገር እሱ ነው ማለት ነው።

ከዋክሱ በፊት፦ ፊታችሁን ምን ትቀባላችሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ዋክስ ፀጉር ብቻ አይነቅልም፤ የላይኛውን ስስ የቆዳ ሽፋንም አብሮ ያነሳል። ጤነኛ ቆዳ ይሄን ይችለዋል። በክሬም የሳሳ ቆዳ ግን አይችልም፤ ከፀጉሩ ጋር ተላጦ ይነሳል።

ቆዳን የሚያሳሱት እነማን ናቸው? ለብጉር የሚታዘዘው ትሬቲኖይን አንዱ ነው። ሬቲኖል ያለባቸው "ፊት ያጠራል" የሚባሉ ሴረሞችም አሉ። ብዙ የማድያት ክሬሞች ደግሞ ትሬቲኖይን፣ ሃይድሮኪኖን እና ስቴሮይድ ተቀላቅሎባቸው ይመጣሉ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ያለባቸው ቱቦዎች ደግሞ ስቴሮይድ ናቸው። ለቆዳ በሽታ መድኃኒት ሆነው ሳለ፣ "ፊት ያቀላል" እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚቀቧቸው ብዙዎች ናቸው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ከላይ ሲያዩት የሚያበራ ፊት ከሥሩ ወረቀት ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ቱቦውን አንሡና ጀርባውን አንብቡ። ሬቲኖል ወይም ትሬቲኖይን ካለበት፣ ቅንድብ አካባቢ መቀባት ካቆማችሁ ቢያንስ ሳምንት ሳይሞላችሁ ዋክስ አትንኩ። ስቴሮይድ ለወራት ስትቀቡ ከነበረ፣ ዋክሱን ተዉትና ስለ ክሬሙ የቆዳ ሐኪም አማክሩ። በአንድ ጊዜ ማቆምም የራሱ መዘዝ አለውና። ለከባድ ብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን የተባለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን እየወሰደም ሆነ ከጨረሰ በኋላ እስከ 6 ወር ዋክስ እንዳይጠቀም ይመከራል።

በክሬሙ ስም የተጻፈ ነገር የሌለው፣ በማሰሮ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ቅባት ከሆነስ? ምን እንዳለበት ስለማታውቁ በዚያ ፊት ላይ ዋክስ አታድርጉ። በቃ።

ይሄ ለምን አጽንዖት ተሰጠው? እንደኛ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቁስል ሲድን ጠቆር ያለ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ምልክቱ ለወራት ይቆያል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብሳል። የአንድ ሰከንድ ስህተት የዓመት ማድያት ይሆናል።

ቅርጹን ከፊታችሁ ውሰዱ

የሰው ቅንድብ ለእናንተ ፊት አልተሠራም። ቀጥ ያለ እስክሪብቶ ወይም የኩል እርሳስ ያዙና መስታወት ፊት ቁሙ። ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፦

1. መነሻ፦ እርሳሱን ከአፍንጫ ክንፍ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙት። ቅንድቡን የሚነካበት ቦታ መጀመሪያው ነው።
2. ከፍታ፦ ከአፍንጫ ክንፍ ተነሥታችሁ በዓይናችሁ ጥቁር ክፍል ውጫዊ ጠርዝ በኩል አሳልፉት። ቅንድቡ ከፍ የሚለው እዚያ ጋ ነው።
3. መጨረሻ፦ ከአፍንጫ ክንፍ በዓይን ውጫዊ ጥግ በኩል አሳልፉት። ጭራው እዚያ ያልቃል።

ሦስቱንም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ልትተዉት የፈለጋችሁትን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ በኩል እርሳስ ቀለም ቀቡት። ከቀለሙ ውጭ የቀረው ብቻ ነው የሚነሣው። ከቀለሙ ውስጥ ያለ አንድ ዘለላ አይነካም።

የስልክ ካሜራ ለዚህ ሥራ አይሁን። ስልክ ፊት ላይ ሲጠጋ መሃል ያለውን አገዝፎ ዳር ያለውን ያሳንሳል፤ ሰልፊ ላይ አፍንጫችን የሚተልቀውም ለዚህ ነው። መስታወትና የቀን ብርሃን ይሻላል። ደግሞ ሁለቱን ቅንድቦች መንታ ለማድረግ አትድከሙ። የማንም ሰው ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት አይደለም። "ይሄኛው ትንሽ ወፈረ፣ ያኛው ትንሽ ሳሳ" ሲባል ነው ሁለቱም የሚያልቁት።

የስኳር ዋክስ አሠራር

8 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። በትንሽ ድስት፣ በጣም ዝግ ባለ እሳት። ሎሚው ለሽታ አይደለም የሚገባው፤ አሲዱ ስኳሩን ስለሚሰባብረው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ድንጋይ እንዳይሆን ያደርጋል።

መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ከዚያ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ወደ ማር ይሄዳል። የማር ቀለም ሲይዝ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ። በጣት ሲድቦለቦል ለስለስ ያለ ኳስ ከሆነ ደርሷል። ውሃው ውስጥ ከተበተነ ገና ነው። እንደ ደስታ ከረሜላ ከደረቀ አልፎበታል።

እዚህ ጋ ቀልድ የለም፦ የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ የበለጠ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ልጆች ባሉበት አትሥሩ። ካወረዳችሁት በኋላ ለብ እስኪል ጠብቁት። መጀመሪያ የእጃችሁ አንጓ ውስጠኛው ክፍል ላይ ትንሽ ሞክሩ። እዚያ ካቃጠላችሁ ፊት ላይ አይታሰብም። ከሞከራችሁ በኋላ አንድ ቀን ጠብቃችሁ የሚያሳክክ ወይም የሚቀላ ነገር እንዳለ ብታዩ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

አቀባቡና አነቃቀሉ

ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት፤ ከዚያ ካጠረ ዋክሱ አይዘውም። ፊታችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ቅባት አይኑርበት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በጣት ስፋት ቆራርጡ።

ከቅንድብ ሥር ያለውን ስትሠሩ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ ማለትም ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጨርቁን ለጥፉና አሹት። በሌላው እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ በተቃራኒው፣ ከጆሮ ወደ አፍንጫ፣ ለቆዳው ተጠግታችሁ በአንድ ጊዜ ላጥ አድርጉት። ወደ ላይ ወደ ጣራው አትሳቡ፤ ቆዳ የሚላጠውና ፀጉር ተሰብሮ የሚቀረው እንደዚያ ሲሳብ ነው። በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለው ፀጉር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ስለሚያድግ ወደ ላይ ቀብታችሁ ወደ ታች ሳቡት። ይሄ ለወንዶችም ይሠራል፤ ብዙ ወንድ መሃሉን ብቻ ካጸዳ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ሦስት ሕጎች አሉ። የዓይን ቆብ ላይ ዋክስ አይደርስም። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ዋክስ አይደረግም፤ የቀረውን በወረንጦ ልቀሙት። ከቅንድብ በላይ ያለውን ደግሞ ለጀማሪ መተው ይሻላል።

የስኳር ዋክስ ጥሩነቱ በውሃ መልቀቁ ነው። ያልፈለጋችሁበት ቦታ ከነካ አትሳቡት፣ ለብ ባለ ውሃ ያሟሟል። ከሱቅ የሚገዛው ሙጫ ያለበት ዋክስ ግን በውሃ አይለቅም፤ እሱን ዘይት ነው የሚያስለቅቀው።

ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አሳርፉበት። መቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። በዚያ ቀን ሜካፕ፣ ሽቶ፣ ስቲምና ጠንካራ ፀሐይ ይቅር። እሬት የምትጠቀሙ ከሆነ ከቅጠሉ ሥር የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽ አፍስሱት፤ ቆዳ የሚያስቆጣው እሱ ነው። ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በፊት ሥሩት። የመጀመሪያ ሙከራ በሰርግ ጠዋት አይደረግም።

ወረንጦ፣ ክርና ምላጭ

እውነቱን ለመናገር፣ ለብዙ ሰው ዋክስ ራሱ አያስፈልግም። ከሥር የበተኑ አሥርና አሥራ አምስት ዘለላዎች ብቻ ከሆኑ አንድ ጥሩ ወረንጦ ይበቃል። አንድ በአንድ፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ይነቀላል። በየሦስት በአራቱ ዘለላ ከመስታወት ራቅ ብላችሁ እዩት። ወረንጦ ዘገምተኛ መሆኑ ነው ደጉ ነገር፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል።

ክር ቆዳን እንደ ዋክስ አይልጥም፤ ክሬም ለሚቀቡ የተሻለ ምርጫ ነው። ግን በራስ ፊት ላይ ለማድረግ እጅ መልመድ ይፈልጋል። የለመደ ሰው ቢሠራላችሁ ይሻላል።

ምላጭ ደግሞ "ፀጉሩን ያወፍራል" ይባላል። አያወፍርም። ጫፉን ደምድሞ ስለሚቆርጠው በቀናት ውስጥ ሲወጣ ይኮሰኩሳል፣ ወፍራምም ይመስላል እንጂ። ችግሩ ሌላ ነው፤ የጋራ ምላጭ። በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ዶርም ውስጥም ሆነ ፀጉር ቤት፣ ከእኅትም ከጓደኛም ጋር ቢሆን፣ ምላጭ አይጋሩም። "አዲስ ምላጭ ክፈቺልኝ" ማለት ነውር አይደለም። ወረንጦም ቢሆን በአልኮል ይጠረጋል።

ቀድሞ ከሳሳስ?

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ እጅን መሰብሰብ። ለ3 ወር ከወረንጦም ከዋክስም ራቁ። በየሳምንቱ "ይቺን ብቻ" እያላችሁ የምትነቅሏት ናት ቅርጹን የምታስቀረው። እስከዚያው ክፍተቱን በእርሳስ ሙሉት። የጉሎ ዘይት ቅንድብ ያበቅላል ሲባል ትሰማላችሁ፤ ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ ያብረቀርቀዋል፣ ያበቅላል የሚለው ግን በጥናት አልተረጋገጠም።

ሳትነቅሉት በራሱ ጊዜ እየረገፈ ከሆነ ግን፣ በተለይ ከጭራው በኩል፣ ጉዳዩ የውበት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፣ አንዳንድ የቆዳ በሽታዎችም ሲኖሩ እንዲህ ይሆናል። የጉሎ ዘይት ፍለጋውን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በእምነቱ ምክንያት ቅንድቡን የማይነካ ሰውም አለ። እሱንም "ለምን አትሠሪውም?" ብሎ መነዝነዝ ደግ አይደለም። ያልተነካ ቅንድብ ያልተጨረሰ ሥራ አይደለምና።

ለምትሠሩት ደግሞ አንድ ምክር፦ "ትንሽ ይቀረዋል" ያላችሁበት ሰዓት ላይ ወረንጦውን አስቀምጡና ተኙ። የቀረው ነገ ጠዋትም ይነቀላል። የተነቀለው ግን ነገ ጠዋት አይመለስም።